ልጄን በስምንተኛ ቀኑ ላስገርዝ ወይስ ልተወው? (ከደብረ ብርሃን)

አዲስ አባት (ጠያቂ)

ሰላም ናችሁ ወገኖች። ባለቤቴ ባለፈው ማክሰኞ ሌሊት በሰላም ተገላገለች፣ ማርያም ማረቻት፣ ወንድ ልጅ አግኝተናል። ተመስገን ነው። ግን ልጁ ገና ስም ሳይወጣለት ቤታችን በአንድ ጉዳይ ተወጥሯል። እሱም ግርዛት ነው።

እናቴ ልታርሳት ከመሐል ሜዳ መጥታለች። ለእሷ ነገሩ ያለቀ ነው። በስምንተኛው ቀን፣ ማለትም በመጪው ማክሰኞ፣ የምታውቃቸው አንድ ገራዥ ይመጣሉ። የአክስቴን ልጆች በሙሉ የገረዙት እሳቸው ናቸው። ለገንፎው ቅቤው ተነጥሯል፣ ጎረቤት ተጠርቷል፣ ምላጩም አዲስ ተገዝቷል። የባለቤቴ ወንድም ደግሞ ሆላንድ ነው የሚኖረው። ትናንት በቪዲዮ ደውሎ ይህን ሲሰማ ጮኸብን። «ምንም ካልታመመ ሕፃን ላይ ሥጋ የምትቆርጡት ለምንድነው? ሲያድግ ራሱ ይወስን!» አለ። እናቴ ስልኩን ተቀብላ መለሰችለት፣ ከዚያ በኋላ ቤቱ እንዴት እንደዋለ መገመት ትችላላችሁ። ባለቤቴ ልጁ ሲያለቅስ አብራው ታለቅሳለች እንጂ ወዲህም ወዲያም አላለችም።

እኔ ራሴ የተገረዝኩ ነኝ፣ የጎደለብኝ ነገር አለ ብዬ አስቤ አላውቅም። ግን አጎቱ «ለምን?» ሲለኝ «ሲደረግ ስለኖረ» ከማለት ሌላ መልስ አጣሁ። ያ ከነከነኝ። ሃይማኖታችን ግድ ይላል ወይ? ለጤናው በእርግጥ ይጠቅመዋል? ካስገረዝኩስ እቤት ወይስ ጤና ጣቢያ? የምታውቁትንም የሚሰማችሁንም ጻፉልኝ፣ ማክሰኞ ሩቅ አይደለም።

እናት ከመንዝ

እንኳን ማርያም ማረቻት ልጄ፣ ለጥምቀቱ ያድርሳችሁ።

እኔ አራት ወንዶች አሳድጌአለሁ፣ ሁሉም በስምንት ቀናቸው ተገርዘዋል። ያልተገረዘ ልጅ ከእኩዮቹ ጋር ወንዝ ወርዶ ልብሱን ሲያወልቅ ምን እንደሚባል አንተም ታውቀዋለህ። «ወሸላ» የሚል ስም አንዴ ከወጣለት እስኪያገባ አይለቀውም፣ ያኔ ሊገረዝ ቢልም በዚያ ዕድሜ ስቃዩም ኀፍረቱም ሌላ ነው። ሕፃን ግን ቶሎ ያገግማል፣ አያስታውሰውም። ሆላንድ ያለው አጎት ልጁን ይወደዋል፣ ግን ልጁ የሚያድገው እዚህ ነው፣ ከእዚህ ልጆች ጋር ነው።

ገራዡን በተመለከተ ግን ከእናትህ ጋር አልስማማም። እኛ ምላጭ የያዘ ሰው ያስመጣን የነበረው ሌላ ስላልነበረ ነው። ደብረ ብርሃን ተቀምጦ፣ ሐኪም በእግር መንገድ ላይ እያለ፣ ለምን ተብሎ?

ዲያቆን፣ አንኮበር

ስለ ሃይማኖቱ የጠየቅከውን እኔ ልመልስ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ሃይማኖትና ልማድ ሲቀላቀልበት ሕፃኑ ነው የሚጎዳው።

ጌታችን ራሱ በስምንተኛው ቀን ተገርዟል፣ ሉቃስ ምዕራፍ 2 ቁጥር 21 ላይ አለ። ከታኅሣሥ 29 ጀምረህ ስምንት ስትቆጥር ጥር 6 ላይ ትደርሳለህ፣ የግዝረት በዓል የሚውለውም በዚያ ቀን ነው። ሥርዓቱ ለአብርሃም የተሰጠው ዘፍጥረት 17 ላይ ነው። እስከዚህ ድረስ እናትህ ልክ ናት። ግን የሐዋርያት ሥራ 15ን ደግሞ አንብብላት። ከአሕዛብ ወገን ያመኑት ካልተገረዙ አይድኑም የሚሉ ሰዎች ሲነሱ ሐዋርያት ኢየሩሳሌም ተሰብስበው ያን ቀንበር አልጫኑባቸውም። ጳውሎስም ለገላትያ ሰዎች ሲጽፍ በክርስቶስ ዘንድ መገረዝም ሆነ አለመገረዝ አይጠቅምም፣ የሚጠቅመው በፍቅር የሚሠራ እምነት ነው ብሎ ዘግቶታል።

ይህ ክርክር ደግሞ ለአገራችን አዲስ አይደለም። የፖርቱጋል መልእክተኞችና ኢየሱሳውያን የሚባሉት የካቶሊክ ሚስዮናውያን መጥተው «እናንተ ኦሪትን ትጠብቃላችሁ፣ እንደ አይሁድ ትገረዛላችሁ» ብለው በተከራከሩበት ዘመን፣ ዐፄ ገላውዴዎስ እ.ኤ.አ. በ1555 የሃይማኖት መግለጫ ጽፈው መልስ ሰጥተዋል። የምንገረዘው እንደ አይሁድ አይደለም፣ የጳውሎስን ቃል እናውቀዋለን፣ ይህ የአገር ልማድ ነው አሉ። ምሳሌያቸውም በኢትዮጵያና በኖባ ፊት እንደሚበጣው፣ በህንድ ጆሮ እንደሚበሳው ያለ ነው የሚል ነበር። አስበው፣ ይህ ከተጻፈ ከአራት መቶ ስድሳ ዓመት በላይ ሆኖታል! ዛሬ ፊት የማይበጣ ሰው ከሃይማኖቱ ወጣ የሚል አለ?

ስለዚህ ለእናትህ በእርጋታ እንዲህ በላት። ልጁ የሥላሴ ልጅነት የሚያገኘው በ40 ቀኑ በጥምቀት ነው። ስምንተኛው ቀን ቢያልፍ ኃጢአት የለበትም። ልጁ ቢያመው፣ ቢከሳ፣ ቢጫ ቢሆን፣ ሐኪም ቆዩ ቢል፣ ቀኑን አሳልፉት። እኔ ልማዱን እወደዋለሁ፣ ልጅ ቢኖረኝም አስገርዘዋለሁ። ግን «ሃይማኖት አዟል» ብሎ ሕፃን ላይ መቸኮል ሃይማኖቱን አለማወቅ ነው። ካልተረጋጋች የነፍስ አባታችሁን ጠይቁ፣ ሌላ አይነግሯችሁም።

የመርሐቤቴ ልጅ፣ ከጀርመን

አጎቱን አትቆጡት። ፈረንጅ ሆኖ አይደለም እንዲህ ያለው።

እኔ ዓለም ከተማ ነው ተወልጄ ያደግኩት፣ እንደሁላችሁም ተገርዣለሁ። እዚህ የተወለዱትን ሁለት ወንዶች ልጆቼን ግን እኔና ባለቤቴ አላስገረዝናቸውም። እናቴ ለረጅም ጊዜ በስልክ አኩርፋኝ ነበር፣ ስለዚህ ነገሩ ምን ያህል እንደሚከብድ አውቃለሁ።

ክርክሬ አጭር ነው። የልጁ አካል የልጁ ነው። ሲያድግ መገረዝ ከፈለገ ይገረዛል፣ ተገርዞ ካደገ ግን ያንን የሚመልስለት የለም። ለኤች አይ ቪ ይጠቅማል የሚለውን ሁሉም ያነሳዋል፣ እሺ፣ ይጠቅማል እንበል። ሕፃን ልጅ ግን የግብረ ሥጋ ግንኙነት የለውም። ጥቅሙ የሚጀምረው ለአቅመ አዳም ሲደርስ ከሆነ፣ ያኔ እሱን መጠየቅ ይቻላል። ለምን በስምንት ቀኑ?

እዚህ አገር ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር። የ4 ዓመት የሙስሊም ቤተሰብ ልጅ ሐኪም ገርዞት በኋላ ደም ፈሰሰውና ሆስፒታል ተወሰደ። የኮሎኝ ፍርድ ቤት በግንቦት 2012 እ.ኤ.አ. ሐኪሙን በነፃ አሰናብቶ፣ ግርዛቱ ግን ራሱ የአካል ጉዳት ነው አለ። አይሁዱም ሙስሊሙም ተነሳ፣ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ፓርላማው ወላጅ እንዲያስገርዝ የሚፈቅድ ሕግ አወጣ። ግን ሕጉ ዝም ብሎ አልፈቀደም። በሕክምና ደንብ መሠረት ይሁን ይላል። ከሐኪም ውጭ የሃይማኖት ማኅበሩ የሚወክለው ሰው ሊገርዝ የሚችለው እስከ 6 ወር ብቻ ነው፣ ያም ሙያው ካለው። ስዊድንም በ2001 ባወጣችው ሕግ ማደንዘዣ ግድ ነው፣ ማደንዘዣውንም የሚሰጠው የጤና ባለሙያ ነው። ሕፃን ሥቃይ አይሰማውም የሚለውን ማንም እዚህ አይቀበለውም። እናቶቻችን «አያስታውሰውም» ይላሉ። አለማስታወስና አለመታመም አንድ ናቸው እንዴ?

አዋላጅ ነርስ፣ ከደብረ ሲና

ወንድሜ እንኳን ደስ አላችሁ። ረዘም አድርጌ ልጽፍልህ ነው፣ በየቀኑ የማየው ነገር ስለሆነ።

መጀመሪያ ጥቅሙን። እ.ኤ.አ. በ2005 በደቡብ አፍሪካ፣ በ2007 ደግሞ በኬንያና በኡጋንዳ ትላልቅ ጥናቶች ወጥተዋል። የተገረዙ ወንዶች ከሴት ወደ ወንድ በሚተላለፈው መንገድ በኤች አይ ቪ የመያዝ ዕድላቸው በ60 በመቶ ገደማ ቀንሶ ተገኝቷል። በዚህ ላይ ተመሥርቶ የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 ኤች አይ ቪ በሰፋባቸውና ግርዛት ባልተለመደባቸው አገሮች እንዲስፋፋ መከረ። በእኛም አገር ጋምቤላ ላይ የተሠራው ለዚህ ነው። ሌላው የአገራችን ወንድ ግን በአብዛኛው የተገረዘ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት 91 በመቶው ተገርዟል። ተገርዟል ማለት ግን አይያዝም ማለት አይደለም! ስንት የተገረዘ ሰው ነው ያጣነው። ኮንዶምን አይተካም፣ ሴቷንም በቀጥታ አይከላከልላትም።

ለሕፃን የሚጠቅመው ሌላ ነው። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ይቀንሳል። ግን ይህም ቢሆን ካልተገረዙ 100 ወንድ ሕፃናት በመጀመሪያው ዓመት የሚይዘው 1 ያህሉን ነው፣ ስለዚህ አንዱን ለማዳን መቶ ያህል ትገርዛለህ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር በ2012 ጥቅሙ ከጉዳቱ ይበልጣል አለ፣ ለሁሉም ሕፃን ይደረግ እስከማለት ግን አልደረሰም፣ ውሳኔውን ለወላጅ ተወው። የሆላንድ ሐኪሞች ማኅበር ደግሞ ከዚያ በፊት በ2010 ያለ ሕመም ምክንያት አይደረግ የሚል አቋም ይዟል። የልጁ አጎት የሚናገረው የሚኖርበትን አገር ሐኪሞች ቃል ነው። ከጀርመን የጻፍከው ወንድሜ፣ የኤች አይ ቪው ጥቅም በሕፃንነት አይደለም ያልከው እውነት ነው፣ አልከራከርህም። የማልስማማው በሌላው ነው። ትልቅ ሰው ሲገረዝ መስፋት አለ፣ የሚድነውም በሳምንታት ነው፣ ሥራ ያስፈታል። አራስ ሕፃን በአብዛኛው በሳምንት ከአሥር ቀን ይድናል። ያ ቀላል ልዩነት አይደለም።

እኔ ልጄን አስገርዣለሁ። ግን አንድ ነገር በግልጽ ልናገር፣ ይገረዝ አይገረዝ በሚለው ሁላችሁም ስትከራከሩ በማን እጅ የሚለውን እያለፋችሁት ነው። ልጅ የሚጎዳው እዚያ ላይ ነው።

አንድ ሌሊት ከገጠር ቀበሌ የመጣ ሕፃን ተቀብያለሁ። በነጠላ ጠቅልለውታል፣ ነጠላው ርሷል። ስፈታው ቁስሉ ላይ የተፈጨ ቡና ተደፍድፏል፣ ከቡናው ሥር ደሙ አሁንም ይንጠባጠባል። ከንፈሩ ነጥቷል፣ እግሩ በረዶ ሆኗል። ጠዋት ነው የተገረዘው፣ እናቱ ቀኑን ሙሉ «ይቆማል፣ ይቆማል» ስትባል ውላለች። የአራስ ሕፃን ደም በጠቅላላው አንድ ብርጭቆ ቢሞላ ነው። ለእኛ ጥቂት የሚመስለን ለእሱ ብዙ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን ተረፈ። ምላጩ ግን አዲስ ነበር አሉኝ። አዲስ ምላጭ ማለት ንጹሕ እጅ ማለት አይደለም፣ ቅቤውና ቡናው ደግሞ መንጋጋ ቆልፍን ይዞ ሊመጣ ይችላል።

ሁለተኛው ነገር ማንም ገራዥ የማያየው ነው። አንዳንድ ወንድ ልጅ የሽንት ቀዳዳው ጫፉ ላይ ሳይሆን ከሥር በኩል ሆኖ ይወለዳል። ያ ልጅ ፈጽሞ መገረዝ የለበትም፣ ምክንያቱም በኋላ ቀዶ ሐኪሙ የሚያስተካክልለት በዚያው ሸለፈት ነው። ከተቆረጠ ማስተካከያው አብሮ ሄደ። እንደገና ደግሞ የባለቤትህን ቤተሰብ ጠይቅ። በእናቱ ወገን ጥርስ ሲነቀል ወይ ሲገረዝ ደም አልቆም ያለው አጎት፣ የአክስት ልጅ አለ? ካለ ሳይመረመር አይነካ። ያለጊዜው የተወለደ፣ ክብደቱ ያነሰ፣ ቢጫ የሆነ፣ በደንብ የማይጠባ ልጅም ይቆይ።

ካላስገረዝከው ደግሞ ይህን ያዝ። የሕፃን ሸለፈት ተጣብቆ ነው የሚፈጠረው፣ ጊዜውን ጠብቆ ራሱ ይላቀቃል። ለማጠብ ብላችሁ ወደ ኋላ አትጎትቱት። ስንቱ በዚህ ቆስሎ ይመጣል መሰለህ።

የኢፋቱ

አሰላሙ ዐለይኩም፣ እንኳን ደስ አላችሁ። እኔ ከሸዋ ሮቢት ነኝ። በእኛ በሻፊዒይ መዝሀብ (የሃይማኖት ሕግ ትምህርት) ግርዛት ዋጂብ፣ ማለትም ግዴታ ነው፣ በሐነፊይ ሱና፣ ማለትም ግዴታ ያልሆነ የተወደደ ተግባር ነው፣ ስለዚህ ይደረግ አይደረግ የሚል ክርክር ቤታችን ውስጥ የለም። ቀኑ ላይ ግን እንደ እናንተ አንጣደፍም። እኔ የተገረዝኩት ነፍስ አውቄ ነው፣ ከታላቅ ወንድሜ ጋር በአንድ ቀን። ቀኑን ቆጥሬ ነው የጠበቅኩት፣ የእሱን ጩኸት ሰምቼ ነው ተራዬ የደረሰው። ለዚህ ነው የራሴን ልጆች በአራስነታቸው ሆስፒታል ወስጄ ያስገረዝኳቸው። ከጀርመን የጻፈው ወንድም ሲያድግ ይወስን ይላል። በሐሳብ ደረጃ ጥሩ ነው፣ ግን እዚህ አገር ያደገ ልጅ ነፃ ሆኖ አይወስንም፣ በእኩዮቹ አፍ ተገፍቶ ነው የሚወስነው።

አንዲት እህት፣ ከአረርቲ

ይቅርታ፣ ሁላችሁም ስለ ወንድ ብቻ ስለጻፋችሁ ነው የገባሁት። ጠያቂው፣ በሚቀጥለው ሴት ልጅ ብትወልዱ እናትህ ያንኑ ቀን ቆጥራ ያንኑ ቅቤ ታነጥራለች ወይ? የሴት ልጅ ግርዛት ቅንጣት ጥቅም የለውም፣ በወሊድ ጊዜ መከራ ነው፣ በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 565 ደግሞ ወንጀል ነው። እንደዚያም ሆኖ ነርሷ በጠቀሰችው እ.ኤ.አ. በ2016ቱ ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 65 በመቶው ተገርዘናል። ዛሬ በወንዱ ልጅ «ለምን?» ብለህ መጠየቅህ ለዚህም ይጠቅምሃል። እናትህን ከአሁኑ አነጋግራት።

አዲስ አባት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እህቴ፣ ስለ ሴቷ ያልሽው ገብቶኛል። እናቴ ራሷ ያለፈችበት ስለሆነ «እሱማ ቀርቷል» ነው የምትለው፣ ቢሆንም ረጋ ብዬ አነሳባታለሁ።

የዲያቆኑን ጽሑፍ ለእናቴ አነበብኩላት። የዐፄ ገላውዴዎስን ስትሰማ ዝም አለች፣ ከዚያ ለነፍስ አባታችን ደወለች። እሳቸውም ቀኑ ቢያልፍ ምንም የለውም አሏት። ገራዡ ማክሰኞ አይመጡም፣ ገንፎው ግን ይበላል። ባለቤቴም ዛሬ ተናገረች፣ ሐኪም አይቶት ጤነኛ ነው ካለ ይገረዝ፣ ካልሆነ እስኪያድግ ማንም አይነካብኝ አለች። እኔም ከእሷ ጋር ነኝ። አጎቱ አሁንም አልተስማማም፣ ግን ማደንዘዣ እንዳይረሳ ብሎ ደጋግሞ ጽፎልኛል።

ነርሷ እህቴ፣ ስንሄድ ምን እንጠይቅ? ቤት ስንመለስስ?

የመርሐቤቴ ልጅ፣ ከጀርመን

ውሳኔያችሁን አከብራለሁ፣ እኔ ግን እንዳልኩት ነኝ። የኢፋቱ ወንድሜ ያነሳው የእኩዮች ነገር እውነት ነው። ለእኔ መፍትሔው «ወሸላ» እያሉ የሚሳደቡትን ልጆች ማስተማር ነው እንጂ የሚሰደበውን መቁረጥ አይደለም። ልጁ በጤና ይደግ።

አዋላጅ ነርስ፣ ከደብረ ሲና

ስትሄዱ ሦስቱን ጠይቁ፣ ማን ነው የሚገርዘው፣ ማደንዘዣ መርፌ ይወጋል ወይ፣ ሲወለድ ደም እንዲረጋ የሚረዳው ቫይታሚን ኬ ተሰጥቶታል ወይ። ካርዱ ላይ አለ፣ ይዛችሁ ሂዱ። በማደንዘዣ መርፌ ብቻ በቀላሉ የሚሠራው እስከ ሁለት ወር ገደማ ነው፣ ስለዚህ ጊዜ አላችሁ፣ አትቸኩሉ። እንደተገረዘ እናቱ ጡት ትስጠው፣ ከምንም በላይ ያረጋጋዋል። እዚያው ጥቂት ተቀመጡ፣ ደሙ መቆሙን አይታችሁ ነው የምትወጡት። ብርድ ነውና ስትመለሱ በደንብ ሸፍኑት፣ ግን ከወገቡ በታች አታጥብቁበት።

ቤት ውስጥ ቅቤ፣ ቡና፣ ቅጠል፣ ምንም። ቫዝሊን የተቀባ ንጹሕ ፋሻ ብቻ፣ ዳይፐሩ እንዳይጣበቅበት። በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን ቁስሉ ላይ ቢጫ ስስ ነገር ይታያል። ያ መግል አይደለም፣ እየዳነ ነው፣ እናትህ እንዳትፍቀው ንገራት። ደም ጠብ ጠብ ማለቱን ካላቆመ፣ እብጠቱና መቅላቱ ወደ ሆዱ ከወጣ፣ ካተኮሰው፣ ጡት እምቢ ካለ፣ ወይም ከተገረዘ ስምንት ሰዓት አልፎት ካልሸና፣ ሌሊትም ይሁን ተነሱና ውሰዱት። እስኪነጋ አትጠብቁ።